ቀኝ እጅ ከቀኝ እግር ጋር

ገበያው የስቶኪንጉን አፍ በጣሳው ከንፈር ላይ በግራ እጁ ወጥሮ ይዞ፣ በቀኙ የጓጎለውን አረንጓዴ ቀለም ቀስ እያለ ያንቆረቁራል። ቀለሙ ስቶኪንጉ ውስጥ ከብዶ ተንጠለጠለና ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ የጓጎለው ቀርቶ ቀጭኑ ብቻ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ጣሳው መውረድ ጀመረ። ግንቦት ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ነው፣ ማክሰኞ ጠዋት። ካዛንቺስ ከአሮጌዎቹ የቀበሌ ቤቶች በአንደኛው ግቢ፣ ከውኃ ቧንቧው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። የሱሪው ጉልበት የስንት ዓመት ቀለም ተደራርቦበት እንደ ቆዳ ደርቋል።

ባለቤቱ ጀማነሽ እጇን በሽርጧ እየጠራረገች ወጣችና ቆም ብላ አየችው።

«አንተ ገበያው፣ ያ የእኔ ስቶኪንግ አይደለም?»

«አሮጌው ነው።»

«አሮጌው ባለፈው ለሰማዩ ቀለም ስታጠልልበት አለቀ። ይሄ ለእሑዱ ሠርግ ብዬ አጥቤ ያሰጣሁት ነው!»

«ተተርትሯል እኮ።»

«የተተረተረው ከጉልበት በላይ ነው፤ ማን ሊያየው?»

ገበያው ስቶኪንጉን ቀና አድርጎ አየው። እስከ ተረከዙ አረንጓዴ ሆኗል። ቢመልስላትም የምታደርገው እንዳልሆነ ገብቶት ሥራውን ቀጠለ።

«ዛሬ ሜክሲኮ ስለምሄድ ሌላ አመጣልሻለሁ።»

«እሱንም ልታጠልልበት!» አለችና አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «አሁን ደግሞ ምን ጎደለ አሉ ግድግዳው ላይ?»

«እግር።»

«መጀመሪያ ኮፍያ ነበር፤ ከዚያ ጢም። እግር ላይ ደረሱ?»

ገበያው አልሳቀም። በዚህ ግድግዳ ነገር ሳቁ ካለቀ ቆይቷል።

ያደገው ሰንጋ ተራ ነው። አባቱ ስለ ድሮው የከብት ገበያ ማታ ማታ ሲያወሩ እየሰማ፣ ያላየውን በሬ በከሰል የጎረቤት አጥር ላይ ይሥል ነበር። አንድ ቀን የአጥሩ ባለቤት እትዬ መነን ይዘውት ጆሮውን ቆነጠጡት፤ ቆንጥጠው ሲያበቁም ሥዕሉን ዘወር ብለው አዩና «ቀንዱን ረዘም አድርገው እንጂ» አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሥዕሉ ላይ አስተያየት የሌለው ሰው ገጥሞት አያውቅም። ካደገ በኋላ ካዛንቺስ ውስጥ የግሮሰሪና የፀጉር ቤት ማስታወቂያ እየጻፈ ኖረ። ፀጉር ቤቶቹ «ጉንጯን ሞላ አድርጋት» ይሉታል፣ ግሮሰሪዎቹ «ብርጭቆው ይሙላ» ይሉታል። በዘጠናው ጦርነቱ ሲነሣ ዘመተ። ሠዓሊነቱ የታወቀው በእጅ ጽሑፉ ነው፤ የዘብ ተራ ዝርዝር ሲጽፍ አይተው «ውኃ ቆጥቡ» የሚል ሰሌዳ አጻፉት፣ ከዚያ «ማጨስ ክልክል ነው»፣ ከዚያ አርማ። ክፍሉ በዘጠና ሦስት ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ሲገባ፣ ቂርቆስ ያለው ካምፕ የምግብ አዳራሽ የውጭ ግድግዳ ባዶውን ነበርና «አንተ ሣልበት» ተባለ።

ግድግዳው ርዝመቱ ሃያ ሁለት እርምጃ ነው። ስምንት ወታደሮች በቀይ አፈር መንገድ ላይ ተሰልፈው ይሄዳሉ፤ ከኋላቸው አንድ የውኃ ቦቴና ሁለት ግራር ይታያል። ገበያው ያየውን ነው የሣለው። የቦቴው የኋላ ጎማ አንድ ብሎን ይጎድለው ነበርና ጎድሎት ተሥሏል።

የመጀመሪያው አዛዥ ኮፍያዎቹ ወደ ቀኝ አዘንብለዋል ብለው ስምንቱንም ቀና አስደረጉ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ወታደር ጢሙ በዝቷል ብለው አስላጩት። ሌላ መጡና የደንብ ልብሱ ስለተቀየረ ይቀየር አሉ፤ ስምንት ሰው ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ዥንጉርጉር ለማልበስ ሃያ ቀን ፈጀ። ዥንጉርጉሩ በዓመቱ ጠቆር ብሎ መጣና እንደገና አለበሳቸው። «እኔ እኮ ልብስ ሰፊ ነኝ» ይላታል ጀማነሽን፣ «መርፌ ነው የጎደለኝ።» በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ማንም ያልነካው የስምንተኛው ሰው አረማመድ ብቻ ነበር። ያም ቢሆን ተወዶ አይደለም። ሰውየው ከሰልፉ መጨረሻ ስለሆነ አንድ ጽድ ይሸፍነው ነበር። ጽዱ ደረቀና ባለፈው ሳምንት ተቆረጠ።

ሰኞ ዕለት አዲሱ አዛዥ ሻለቃ ወልደአማኑኤል እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ። ጉቶው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይኼኛው ምን ሆኖ ነው?»

«የቱ ሻለቃ?»

«መጨረሻ ላይ ያለው። ቀኝ እጁም ቀኝ እግሩም ወደፊት ነው።»

«አዎ ሻለቃ።»

«ምን አዎ ትለኛለህ! ምልምል እንኳ በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። ዓርብ የክፍላችን በዓል ነው፤ የእንግዶቹ ወንበር የሚደረደረው እዚህ ፊት ለፊት ነው።»

«ስህተት አይደለም ሻለቃ። ሰው ነው። እንደዚያ ነበር የሚሄደው።»

«ሰው ከሆነማ ይስተካከላል» አሉ ሻለቃው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። «ሐሙስ ጠዋት መጥቼ አያለሁ። ካልተስተካከለ ግድግዳው በሙሉ ኖራ ይቀባል። ነጭ ግድግዳ ማንንም አያሳፍርም።»

ገበያው ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረው በዚህ ነው። ስምንተኛው ሰው ነጋሲ ይባላል። ሥልጠና ላይ አንድ ጓድ ውስጥ ነበሩ። ነጋሲ ለብቻው ሲሄድ እንደ ማንኛውም ሰው ነው፤ ሰው እያየው መሆኑን ካወቀ ወይም ከፈራ ግን ቀኝ እጁ ከቀኝ እግሩ፣ ግራው ከግራው ጋር አብሮ ይነሣል። አሠልጣኙ ግራ እጁ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰሩበት፤ ድንጋይ አስያዙት፤ በመጨረሻ ኮፍያቸውን መሬት ላይ ወርውረው ሄዱ።

ግንባር ላይ አንድ ንጋት ነጋሲ ጀሪካን በጀርባው አዝሎ ውኃ ሊቀዳ ወረደና በጭጋጉ ውስጥ መንገድ ሳተ። የተመለሰው በወዲያኛው ወገን በኩል ነው። ዘብ የነበረው ገበያው ነው። ጥላ አየ፣ ተጣራ፣ መልስ የለም። እንደገና ተጣራ። ጣቱን ቃታው ላይ አደረገና ሳበ፤ ቃታው የሚላላውን ያህል ላላና ጠንካራው፣ ካለፈ የሚተኩሰው ቦታ ላይ ደረሰ። ጭጋጉ ትንሽ ሲገለጥ የጥላው እጅና እግር አብረው ሲነሡ አየ። በሁለቱም በኩል ባለው ጦር እንደዚያ የሚሄድ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጣቱን አነሣ። ነጋሲ አጠገቡ ደርሶ «ጉሮሮዬ ደርቆ መልስ አቃተኝ እኮ፣ ውኃ ትጠጣለህ?» አለው። ገበያው ጠጣ፤ ግማሹን ደረቱ ላይ አፈሰሰው። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለነጋሲም ለጀማነሽም። ግድግዳው ላይ ሣለውና አለፈ። አሁን ሻለቃው ያን እግር አጥፋ ይሉታል።

የመጨረሻዋ የቀለም ጠብታ ስትወርድ ስቶኪንጉን የቧንቧው ብረት ላይ አንጠለጠለና ተነሣ። ለምን ሰውየውን ራሱን አያሳያቸውም? ነጋሲ ሥዕሉ ሳይጀመር ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ቡልጋሪያ ሰፈር ጎሚስታ ከፍቷል። በሕይወት ያለ፣ የሚሄድ፣ የሚናገር ማስረጃ ነው።

ከሰዓት በኋላ እዚያ ሲደርስ ነጋሲ አንድ የታክሲ ጎማ በርሜል ውኃ ውስጥ እየነከረ አረፋ ይፈልጋል። ከዘጠና ሦስት ወዲህ ወፍሯል።

«ነጋሲ፣ ካምፕ ከእኔ ጋር ትመጣለህ? ግድግዳው ላይ አለህ።»

«የቱ ግድግዳ?»

«እኔ የሣልኩት። ከስምንቱ አንዱ አንተ ነህ።»

ነጋሲ ጎማውን ለቀቀው። «ሀኒ!» ብሎ ማዶ ሻይ ወደምትሸጠው ልጅ ጮኸ፤ «ሰማሽ? ካምፕ ውስጥ ሥዕሌ ተሥሏል!»

«በምን ጥፋት?» አለች ሀኒ ብርጭቆ እያለቀለቀች።

ነጋሲ እጁን በኦሞ ሦስት ጊዜ ታጠበ፤ ከጎሚስታው ጓዳ ኮት አወጣ፤ ፀጉሩን በውኃ አበጠረ። ታክሲ ውስጥ ለረዳቱ ሳይቀር ነገረው። ገበያው በመስኮት ወደ ውጭ እያየ፣ ቀድሞ ሊነግረው እንደሚገባ እያወቀ፣ ምኑን ከምን እንደሚጀምር ጨነቀው።

ካምፑ ሲገቡ የንብረት ክፍሉ ወጣት ምክትል አስር አለቃ ዳግም ወረቀት እያውለበለበ ወደ እነሱ መጣ። የወጥ ቤቷ ብርነሽም የሽንኩርት ቢላዋዋን እንደያዘች በር ላይ ወጣች። ነጋሲ ግን ማንንም አላየም። ከመጀመሪያው ወታደር ጀምሮ ራሱን ፍለጋ ገባ።

«ይሄ ነኝ?»

«አይደለህም።»

«ይሄ ረጅሙስ? ትከሻው እኔን ይመስላል።»

«ቀጥል።»

እየቀጠለ ጉቶው ጋ ደረሰ። የራሱን ጉንጭ ዳሰሰ፣ ከዚያ የሥዕሉን እግር አየ።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ እያስኬድከኝ ነው?»

«እንዲህ ነበር የምትሄደው።»

«ነበር! ድሮ ነው እሱ። ተውኩት እኮ። አሁን ከበሩ እዚህ ድረስ ስመጣ እንዲህ ሄድኩ? በል ተናገር፣ ሄድኩ?»

«አልሄድክም።»

ብርነሽ በቢላዋዋ ወደ ሥዕሉ አመለከተች። «እኔ እኮ ጽዱ ሲቆረጥ አይቼው የሰከረ ሰው የሣልክ መስሎኝ ነበር። ምነው ለእግሩ ስትጨነቅ የእኔን ድስት አንድ ጥግ ላይ ብትሥል?»

«የቦቴውም ብሎን ጎድሏል» አለ ነጋሲ በንዴት። «በዚህ ጎማ ሰው ይጓዛል? ሲያስቅ!»

«ሃምሳ አለቃ፣» አለ ዳግም ወረቀቱን ለገበያው እየዘረጋለት፣ «በቃ ይኸው፣ አንድ ጋሎን ቡኒ ተፈቅዷል። ሜክሲኮ ሱሌማን ቀለም ቤት ነው፤ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይዘጋል። ማለቴ፣ ቶሎ ቢያመጡት ነው የሚሻለው፤ ኖራው ትናንት ስቶር ገብቷል።»

ቡኒው ለመንገዱ አፈር ነው። እግር ለመቀየር በመጀመሪያ የቆየውን እግር በአፈር ቀለም መቅበር ያስፈልጋል፤ ከዚያ ነው በላዩ ላይ አዲሱን ማብቀል የሚቻለው። ይህን ከገበያው በቀር እዚያ የቆመ አያውቅም።

«ግዛና አስተካክለኝ» አለ ነጋሲ። «ልጄ ሩቲ ትምህርት ቤቷ ሰልፍ ላይ ባንዲራ የምትይዘው እሷ ናት። አንድ ቀን መጥታ አባቷን እንዲህ ብታየውስ? እኔ ለማን ብዬ ነው ኮት የለበስኩት?»

ገበያው ወረቀቱን ይዞ ቆመ። ጆሮው ሲግል ተሰማው። እትዬ መነን ቀንድ ይርዘም አሉት፤ አስረዘመ። ኮፍያ አቃና፣ ጢም ላጨ፣ ሁለት ጊዜ አለበሰ። ከሃያ ሁለት እርምጃ ግድግዳ አንድ እርምጃ የማትሞላ ቦታ ቀርታው ነበር፤ እሷንም ለመቀማት ሊያድነው የመጣው ሰውዬ ራሱ ኮቱን ለብሶ መጣ።

«በቃ!» አለ። ገበያው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰምተውት ስለማያውቁ ብርነሽ ቢላዋዋን ዝቅ አደረገች። «በቃ ሁላችሁም! ነጋሲ፣ ስማኝ። ውኃ ልትቀዳ ወርደህ የጠፋህበት ቀን ትዝ ይልሃል?»

«ጭጋግ የነበረ ቀን? እንዴት ይረሳኛል።»

«በወዲያኛው በኩል ነው የመጣኸው። ሁለቴ ጠራሁህ፣ አልመለስክም። መሣሪያዬን ደረትህ ላይ አነጣጥሬ ነበር። ቃታውን ስቤዋለሁ ነጋሲ። ይቺን ታህል ነው የቀረችው።» የጣቱን ጫፍ አሳየው። «እጅህና እግርህ አብረው ሲነሡ አየሁና ለቀቅኩ። ቀጥ ብለህ ሄደህ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሩቲ የለችም።»

ከወጥ ቤቱ ድስት ሲንተከተክ ይሰማል። ነጋሲ ወደ ሥዕሉ ዞረ፣ ከዚያ ወደ ገበያው።

«እና ውኃ የሰጠሁህ...»

«እሱን ውኃ ነው ደረቴ ላይ ያፈሰስኩት።»

«እኔ ደግሞ ጠምቶህ ነው ብዬ!» አለ ነጋሲ። የኮቱን ቁልፍ መቆለፍ ጀመረ፣ ተሳሳተበት፣ እንደገና ጀመረ።

በዚህ መሐል ሻለቃው ከቢሮ ወጥተው ወደ እነሱ መጡ። ዳግም ተጠንቀቅ አለ። «ገና አልተጀመረም?» አሉ ሻለቃው።

ገበያው አፉን ሳይከፍት ነጋሲ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣና ተረከዙን አጋጨ። «የቀድሞው ወታደር ነጋሲ ነኝ ሻለቃ! ሥዕሉ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። አሁን ላሳይዎት።» መልስም አልጠበቀ። ከመጀመሪያው ወታደር ሥር ጀምሮ በግድግዳው ልክ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ሄደ። ቀኝ እጁ ከቀኝ እግሩ፣ ግራው ከግራው ጋር። ሃያ ሁለት እርምጃ ያለ አንዲት ስህተት። ጉቶው ጋ ሲደርስ ከሥዕሉ ሥር ቀጥ ብሎ ቆመ። ዳግም ከንፈሩን ነክሶ ወደ ሰማይ አየ፤ ብርነሽ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ሻለቃው ሰውየውን አዩ፣ ሥዕሉን አዩ፣ እንደገና ሰውየውን አዩ።

«አሠልጣኝህ ማን ነበር?»

«ኮፍያቸውን ጥለው ሄዱ ሻለቃ!»

«አይፈረድባቸውም» አሉ ሻለቃው። የሚስቁ መስሎ ነበር፤ አልሳቁም። «እንግዶቹ ይሄ ምንድን ነው ሲሉኝ ምን ልበላቸው?»

«ቡልጋሪያ ጎሚስታ አለው ይበሏቸው። መኪናም ስለሚኖራቸው አድራሻውን ይንገሯቸው» አለ ነጋሲ።

ሻለቃው አንገታቸውን ነቀነቁ። እሺ ማለታቸው ይሁን እንቢ፣ ማንም አልለየውም። «ሐሙስ ጠዋት አያለሁ» ብለው ወደ ቢሮአቸው ተመለሱ። ይቅርም አላሉ፣ ይደረግም አላሉ።

«እንግዲህ ትእዛዙ አልተነሣም፣» አለ ዳግም ቀስ ብሎ፣ «በቃ ቡኒውን ይግዙት ሃምሳ አለቃ። ካልሆነ ሁሉም ነው የሚሄደው።»

ገበያውና ነጋሲ እስከ ሜክሲኮ በእግራቸው ወረዱ። ነጋሲ መንገዱን ሙሉ እንደ ማንኛውም ሰው ነው የሄደው።

«ቅድም፣» አለ ገበያው፣ «አስበህበት ነው ወይስ እንደ ድሮው መጣብህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሻለቃው እያዩኝ ነበር።» የቡልጋሪያ ታክሲ መጣ። ነጋሲ አንድ እግሩን ካስገባ በኋላ ዘወር አለ። «የቦቴዋን ብሎን ግን ግጠምላት፤ እኔ ሥር ቆሜ ጎማ ሲወልቅ ማየት አልችልም።»

ገበያው ብቻውን ቀረ። ከአንዲት የመንገድ ነጋዴ ጠይም ስቶኪንግ ገዛ፤ እንዳይተረተር በጣቱ ሳይነካ በላስቲኩ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ማዶ ተሻግሮ ሱሌማን ቀለም ቤት ፊት ለፊት ቆመ። ወረቀቱን አወጣ። አንድ ጋሎን ቡኒ፤ ማኅተሙ ገና አልደረቀም ነበርና ጠርዙ ላይ ተዥጎርጉሯል። ሐሙስ ኖራው ሊመጣ ይችላል። ሰባቱም ሰዎች፣ ቦቴውም፣ ግራሮቹም ከሥሩ ይገባሉ። ሰባቱን አንድ በአንድ አሰባቸው፤ ኮፍያቸው የአንዱ አዛዥ ነው፣ ጢማቸው የሌላው፣ ልብሳቸው የሌላው። ኖራ ቢቀቡ ከእሱ የሚቀማ ብዙ ነገር የለም። ስምንተኛውን ግን በገዛ እጁ አፈር አልብሶ መግደል፣ ያን ቀን ያላደረገውን ዛሬ በወረቀት ተፈቅዶለት ማድረግ ነው። ኖራውን የሚቀባ ካለ ይቅባው፤ ቡሩሹን ግን እሱ አይዝም።

ሱሌማን የብረት በሩን እስከ ወገቡ ዝቅ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

«ሃምሳ አለቃ! ዳግም ደውሎልኛል፣ ቡኒዋን አዘጋጅቼልሃለሁ። ልዘጋ ነው፣ ትገባለህ?»

ገበያው ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ከስቶኪንጉ ጎን ኪሱ ከተተው።

«ዝጋው» አለ።